ጧሪና ተጧሪ

በአገራችን ልማድ ሽማግሌ ጎልማሳን ሲመርቅ ዘርቶ መቃምን፤ ወልዶ መሳምን ይስጥህ ይለዋል። ባልቴትም በበኩሏ ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ ብላ ትመርቃለች። እነዚህ ምርቃቶች በየቤቱና በየደጀ ሰላሙ ዘወትር ስለሚሰሙ የቤተ ሰብ ነገር ብቻ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ልብ ብሎ ለተመለከታቸው ሰው የአንድ አገር ሕዝብና የአንድ አገር ሀብት እንዴት ተሳስረው እንደሚኖሩ በአጭር ቃል የሚያስረዱ ናቸው። እርሻውና ልጁ በአንድ ምርቃት የተጣመሩት ያለ ምክንያት አይደለም። የሚዘራ ከሌለ የሚቃም አይገኝም፤ የሚወለድ ከሌለም ነገ የሚዘራ አይኖርም። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ጡረታ የምንለውም ቃል የወጣው ጦረ ከሚለው ግስ ነው፤ ጦረ ማለትም ጉልበቱ ለደከመ ሰው ምግቡንና ልብሱን ሰጥቶ በክብር አኖረ ማለት ነው። እንግዲህ ጡረታ በዐዋጅ ከመጻፉ አስቀድሞ በልጅ ጫንቃ ላይ የተጻፈ ዕዳ ነበር።

በዚህ ዘመን ከባሕር ማዶ የሚመጣው ወሬ የዚሁ ዕዳ ወሬ ነው። በብዙ ባለጸጎች አገሮች የሚወለደው ሕፃን እያነሰ፤ የሽማግሌው ቍጥር ግን እየበዛ ስለ ሄደ፤ ነገ ሠርቶ የሚጦር ማን ይሆናል የሚለው ጥያቄ መንግሥታትን እንቅልፍ ነሥቷል። በጃፓን ከ100 ሰው 29 ያህሉ ዕድሜው ከ65 ዓመት በላይ ነው። በቻይናም እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ከ2022 ወዲህ የሕዝቡ ቍጥር መቀነስ ጀምሯል። ይህን የሰማ ያገራችን ሰው፤ በየመንደሩና በየትምህርት ቤቱ ደጅ የሚርመሰመሰውን ሕፃን እያየ፤ ይህስ ነገር እኛን አይነካንም ቢል አይፈረድበትም። የቃሉም ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ስሕተት ስለ ሆነ፤ ስሕተቱንም መቀሌ ከተማ ጕልሕ አድርጋ ስለምታሳየን፤ ዛሬ ስለዚሁ ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

አስቀድመን እውነተኛውን ግማሽ እንይ። በኢትዮጵያ ከ100 ሰው 40 ያህሉ ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች ሲሆን፤ ከ65 ዓመት በላይ የሆነው ከ3 እምብዛም አይበልጥም። አንባቢ በሽርፍራፊ ቍጥር እንዳይቸገር የወሊዱን ነገር በ10 ሴቶች እንቍጠረው። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. የአገሪቱ የሕዝብ ፖሊሲ በወጣ ጊዜ 10 ሴቶች በዕድሜያቸው 77 ልጆች ይወልዳሉ ተብሎ ተገምቶ ነበር፤ ፖሊሲውም ይህን ቍጥር እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር እስከ 2015 ድረስ ወደ 40 ለማውረድ ዐስቦ ነበር። ከዚያ ወዲህ በተደረጉት የሕዝብና የጤና ጥናቶች በ1997 ዓ.ም. 54፤ በ2003 ዓ.ም. 48፤ በ2008 ዓ.ም. 46 ሆኖ ተገኘ። በትግራይም በ1997 ዓ.ም. 51 የነበረው በ2003 ዓ.ም. 46 ከሆነ በኋላ በ2008 ዓ.ም. 47 ላይ ቆመ። አንድ ሕዝብ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ባለበት ይኖር ዘንድ 10 ሴቶች 21 ልጆች ያህል ቢወልዱ ይበቃል። ስለዚህ አገራችን የሕፃናት አገር እንጂ የሽማግሎች አገር አይደለችም።

ነገር ግን ይህ የአገሩ ሁሉ ቍጥር የከተሞቹን ጠባይ ይሸፍንብናል። በዚያው በ2008 ዓ.ም. ጥናት በገጠር 10 ሴቶች 52 ልጆች ሲወልዱ በከተማ ግን 23 ብቻ ይወልዱ ነበር። በአዲስ አበባ 18 ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. እንዲያውም 14 ሆኖ ነበር። ይህ እንግዲህ ሕዝብን በቦታው ለማቆም ከሚያስፈልገው 21 በታች ነው። የአውሮጳ ሰው ልጅ መውለድ የቀነሰው ከበለጸገ በኋላ ነው እየተባለ ይነገራል፤ አዲስ አበባ ግን እዚያ የደረሰችው ሳትበለጽግ ነው። ምክንያቱን የመረመሩ ሰዎች እንደሚያስረዱት፤ ወጣቱ ሥራና ቤት በማጣቱ ጋብቻውን እያዘገየ፤ ያገባውም ሁለተኛና ሦስተኛ ልጅ ለመውለድ እየፈራ በመሄዱ ነው። ስለዚህ የወሊድ ማነስ የጥጋብ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ የችግርም ምልክት ሊሆን ይችላል። ቍጥሩ አንድ ሆኖ ሳለ ትርጓሜው ሁለት ነውና፤ ቍጥሩን ብቻ አይቶ ደስ መሰኘትም መደንገጥም አይገባም።

አሁን ወደ መቀሌ እንለፍ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ቤተ መንግሥታቸውን የሠሩባት ይህች ከተማ፤ ከአፋር ቈላ በግመል የሚወጣው አሞሌ ጨው የሚራገፍባትና የሚሸጥባት ገበያ ሆና ለረዥም ዘመን ኖራለች። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ 96,938 ሰው ነበረባት፤ በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ ግን 215,914 ሆነ። ቍጥሯ በ12 ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ የሆነው በወሊድ ብቻ አይደለም። ከተማ የሚያድገው በማሕፀን ብቻ ሳይሆን በመንገድም ነው፤ ከእንደርታና ከተምቤን፤ ከአጋሜና ከራያ ወጣቱ ለትምህርትና ለሥራ ወደ መቀሌ ይጎርፍ ስለ ነበር ነው። በ1992 ዓ.ም. የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ፤ ቀጥሎም የዓይደር ሆስፒታል አገልግሎት ጀመረ፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኳ ተመረቀ። በዚያን ጊዜ ይህችን ከተማ ያያት ሰው፤ የሚሠራ እጅና የሚሠራበት ስፍራ ሊገናኙ ተቃርበዋል ብሎ ተስፋ ለማድረግ በቂ ምክንያት ነበረው።

ከጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሆነውን ሁሉ እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም። በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት እስከ ተፈረመ ድረስ ሁለት ዓመት ያህል የቈየው ጦርነት በሁሉም ወገን ስንቱን እናት እንዳስለቀሰ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። እኛ እዚህ የምንመለከተው አንዱን ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ጦርነቱ ከሕዝቡ መካከል የነካው የትኛውን ዕድሜ እንደ ሆነ ነው። ረኃቡና ሕመሙ ሕፃኑንም ሽማግሌውንም ጐድቷል፤ ጦር ሜዳ የሚወድቀው ግን ከሁሉ ይልቅ ጎልማሳው፤ ይኸውም የሚያርሰው፤ የሚነግደው፤ የሚያገባውና የሚወልደው ሰው ነው። ትምህርት ቤቶችም በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ከተዘጉ በኋላ ጦርነቱ ስለ ተከተለ፤ በትግራይ ያለው ተማሪ ሦስት ዓመት ያህል ያለ ትምህርት ቈየ። ፋብሪካዎች ሥራቸው ተቋረጠ። የተፈናቀለው ሕዝብ በመቀሌ በትምህርት ቤቶች ቅጥርና በሰባ ካሬ መጠለያ ሰፈረ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ስምምነቱ ከተፈረመ ከዓመታት በኋላ እንኳ ወደ ቤታቸው አልገቡም። ሰላም ከመጣ በኋላም ሥራ ያጣው ወጣት ወደ ሊቢያ በረሃና ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ በሚወስደው አደገኛ መንገድ መሄዱን አልተወም።

ነገሩ እንዲገባን አንድ ምሳሌ እናምጣ። በዓይደር ሰፈር 70 ዓመት የሞላቸው አንዲት እናት አሉ እንበል። ሦስት ወንዶች ልጆች ወልደው አሳድገዋል። አንደኛው ከጦርነቱ አልተመለሰም፤ ሁለተኛው ባሕር ለመሻገር ከቤት ከወጣ ወዲህ ድምፁ ከተሰማ ቈይቷል፤ ሦስተኛው 30 ዓመት ሞልቶት በእናቱ ቤት ይኖራል፤ ሥራ የለውም፤ ያጫትም ልጅ ወገኖቿ ምን ይዞ ነው የሚያገባት ስላሉ ጋብቻው ቀርቷል። እኚህ እናት በመዝገብ ሲጻፉ የሦስት ልጆች እናት ይባላሉ፤ በጎጇቸው ግን ጧሪ የላቸውም፤ ይልቁንም የቀረውን ልጅ የሚጦሩት እርሳቸው ናቸው። ይህን የመሰለ ቤት በመቀሌ ጥቂት አይደለም። እንግዲህ የሕዝብ እርጅና የሚታወቀው በነጭ ጠጕር ብዛት ብቻ አይደለም። ሕዝብ የሚያረጀው በሁለት መንገድ ነው፤ አንደኛው የሚወለደው ሲያንስ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የተወለደውና ያደገው ጎልማሳ ሲጎድል፤ ወይም በሕይወት እያለ ያለ ሥራ ሲቀመጥ ነው። የመጀመሪያው መንገድ ሃምሳና ስድሳ ዓመት ይፈጃል። ሁለተኛው ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይደርሳል።

የአገር ሀብት ከዚህ ጋር ያለው ግንኙነት ረቂቅ አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ሁሉንም ይናገራል። ሕፃኑና ሽማግሌው የሚበሉት በመካከል ያለው ጎልማሳ ከሚያገባው ነው። የሚሠራው ሰው ከሚጦረው ሰው ይልቅ ሲበዛ፤ ከምግብ የተረፈው ገንዘብ ወደ ቍጠባ ይሄዳል፤ ቍጠባው ባንክ ይገባል፤ ባንኩም ለነጋዴውና ለፋብሪካው ያበድራል፤ በዚያም ሌላ ሥራ ይከፈታል። የሚሠራው ሲያንስ ግን ያው ገንዘብ በመብልና በመድኃኒት ያልቃል፤ ለነገ የሚተርፍ የለም። ስለዚህ የልጆች ቍጥር ከመጠን ሲበዛም፤ የሽማግሎች ቍጥር ሲበዛም፤ ጎልማሳው ሥራ ሲያጣም፤ ሸክሙ በጥቂቱ ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃል። አገራችን ዛሬ ያለችበት ጊዜ ደግሞ የተለየ ነው። ወሊዱ በመቀነሱ የሕፃናቱ ድርሻ ቀስ በቀስ እያነሰ፤ የሽማግሎቹ ድርሻ ገና ስላልበዛ፤ ለሥራ የደረሰው ሰው ድርሻ ከዓመት ወደ ዓመት ይጨምራል። ይህ የጥጋብ ዘመን ነው፤ ነገር ግን የተወሰነ ዘመን ነው፤ ከአንድ ሁለት ትውልድ በላይ አይቈይም።

በቅዱስ መጽሐፍ የዮሴፍን ታሪክ የተማረ ሁሉ የጥጋብ ዓመታትን ምሥጢር ያውቃል። ግብፅን ከረኃብ ያዳናት የሰባቱ ዓመታት እህል ብዛት አይደለም፤ እህሉ በጎተራ መግባቱ ነው። ጥጋቡ ራሱ ሳይከማች ቢያልፍ ኖሮ ረኃቡን ያከፋው ነበር እንጂ ባላቀለለው ነበር። ለአንድ ሕዝብ የጎልማሶቹ ብዛት እንደዚያ እህል ነው፤ ጎተራው ደግሞ ትምህርትና ሥራ ናቸው። ትምህርትና ሥራ ያላገኘ ጎልማሳ በሜዳ ተዘርግፎ ዝናም እንደሚበላው እህል ይሆናል። በመቀሌ ዛሬ እያየን ያለነው ይህንኑ ነው።

ለዚህ ነገር ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ለኢትዮጵያ ባዕድ ያልሆነች አገር፤ ደቡብ ኮርያ ናት። በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ጦር ወደዚያ በዘመተ ጊዜ ኮርያ በጦርነት የፈረሰች፤ ሕዝቧም ከአገር ወደ አገር የተሰደደባት ድኻ አገር ነበረች። በዚያ ጦርነት ከ6 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተሰልፈው ከ120 በላይ የሆኑት ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። ከጦርነቱ በኋላ ባሉት ዓመታት 10 የኮርያ ሴቶች 60 ያህል ልጆች ይወልዱ ነበር፤ ይህም ከዛሬው የእኛ ይበልጣል። ኮርያ ያን ጊዜ ያደረገችው ሁለት ነገር ነው። ሕፃኑን ሁሉ ትምህርት ቤት አስገባች፤ ትምህርት ቤት ያስገባችውንም በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፤ ኋላም በብረትና በመርከብ ሥራ አሰማራች። ወሊዱ በቀነሰ መጠን የቀረውን ገንዘብ በዚያው ላይ ጨመረች፤ በአንድ ትውልድም ከድኻ አገርነት ወጣች። ከፈራረሰ ከተማ ተነሥቶ መበልጸግ ይቻላል ወይ ብሎ ለሚጠይቅ የመቀሌ ወጣት መልሱ ይህ ነው።

ነገር ግን የኮርያ ታሪክ ሁለተኛ ምዕራፍም አለው። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2023 በኮርያ 100 ሴቶች የሚወልዱት 72 ልጆች ብቻ ሆነ፤ በ2024 መጨረሻም ከ100 ሰው 20 ያህሉ ከ65 ዓመት በላይ ሆነ። የሕዝቡ ሁሉ ጡረታ የተጀመረው በ1988 ስለ ነበረ፤ አገሪቱን በላባቸው ያቀኑት ብዙ ሽማግሎች በቂ መዋጮ ሳያስገቡ አረጁ፤ ያፈሩትንም ገንዘብ ለልጆቻቸው ትምህርት አውጥተውት ነበር። ስለዚህ በባለጸጋይቱ ኮርያ ከ100 ሽማግሎች 40 ያህሉ፤ በአገሩ ልክ ሲመዘን፤ በድኽነት የሚቈጠሩ ሆኑ። ቻይናም በበኩሏ ከ1980 ጀምሮ ባልና ሚስት ከአንድ ልጅ በላይ እንዳይወልዱ በሕግ ስትከለክል ኖራ፤ በኋላ ሁለትም ሦስትም ውለዱ ብትል ሕዝቡ አልወለደም። ወሊድ በዐዋጅ ሊከለከል ቢቻል እንኳ በዐዋጅ አይመለስም። ከዚህ የምንማረው፤ ጡረታ የሚዘጋጀው ሽማግሌው ከመብዛቱ በፊት እንጂ ከበዛ በኋላ እንዳልሆነ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ከዚህ ሁሉ ሞትና ስደት በኋላ ትግራይ የሚያስፈልጋት ብዙ መውለድ ነው፤ የጎደለውን የሚተካው ልጅ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። የልጅ ኀዘን በልጅ እንዲካስ የሚመኝን ሰው ማንም ሊነቅፈው አይችልም፤ ልጅም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። ነገር ግን ዛሬ የሚወለደው ሕፃን ሠርቶ የሚጦረው ከ20 ዓመት በኋላ ነው፤ እስከዚያው ድረስ ራሱ ተጧሪ ነው። በእነዚያ 20 ዓመታት ውስጥ ሕፃኑንም አያቱንም የሚመግበው፤ ዛሬ በመቀሌ አደባባይ ያለ ሥራ የሚውለው ወጣት ነው። ይህ ወጣት ሥራ ካገኘ ማንም ሳያዝዘው ያገባል፤ ይወልዳል፤ ይጦራልም። ሥራ ካላገኘ ግን ብዙ ውለድ ማለት ሸክም ለወደቀበት ሰው ሌላ ሸክም መጨመር ነው። ስለዚህ ልጅ ይብዛ ወይስ ይነስ የሚለው ክርክር ዋናው ነገር አይደለም፤ ዋናው ነገር የተወለደው ጧሪ ይሁን ወይስ ተጧሪ ሆኖ ይቅር የሚለው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ የተባለ እንደ ሆነ፤ የሚከተለውን እንላለን። ከሁሉ በፊት ሰላም ነው። ባለ ገንዘቡ ፋብሪካ የሚተክለው፤ ወጣቱም ትዳር የሚመሠርተው፤ ነገ ከዛሬ የማይከፋ መሆኑን ሲያምን ነው። ሁለተኛ፤ የተፈናቀለው ሕዝብ ወደ እርሻውና ወደ ቤቱ ቢመለስ፤ በመቀሌ ተረጂ ሆኖ የሚቈጠረው ጎልማሳ በማግስቱ አራሽና ነጋዴ ይሆናል፤ ትምህርት ቤቶቹም ለተማሪዎቻቸው ይለቀቃሉ። ሦስተኛ፤ ሦስት የትምህርት ዓመት የተቃጠለበት ወጣት ዕድሜው ስላለፈ ብቻ ሊጣል አይገባም፤ የማታ ትምህርትና የእጅ ሥራ ትምህርት በተለይ ለእርሱ ሊከፈትለት ያስፈልጋል። አራተኛ፤ የቆሙት ፋብሪካዎች እንደ ገና እንዲንቀሳቀሱ ብድርና የጥሬ ዕቃ ማግኛ የውጭ ምንዛሪ ቢመቻችላቸው፤ ትርፉ ለባለ ፋብሪካው ብቻ አይደለም፤ በዓይደር ሰፈር ላሉት እናትም ነው።

አምስተኛው የጡረታ ነገር ነው። በአገራችን የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በዐዋጅ ቍጥር 209 በ1955 ዓ.ም. ተደነገገ፤ የግል ድርጅት ሠራተኛ ግን ጡረታ ያገኘው በ2003 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቍጥር 715 ነው። በዚህም ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 7፤ አሠሪው ከመቶ 11 ያዋጣል፤ 60 ዓመት ሲሞላውም አበሉን ይቀበላል። ነገር ግን ገበሬው፤ ጨው ነጋዴው፤ የቀን ሠራተኛው፤ እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው ሴት፤ ከዚህ መዝገብ ውጪ ናቸው። የእነርሱ ጡረታ አሁንም ልጃቸው ነው። በጦርነቱ ዘመን ደግሞ ባንክ ስለ ተዘጋ፤ አበል ያለው ሽማግሌ እንኳ ብዙ ወራት ሳይከፈለው ኖሯል፤ የወረቀቱም የልጁም ጡረታ ባንድ ጊዜ ተቋረጠበት። ይህ ሊስተካከል የማይችል ነገር አይደለም። ከመቀሌ በስተ ደቡብ ባለው በሕንጣሎ ወጀራት ወረዳና በዓብይ ዓዲ ከተማ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ፤ ጧሪ ላጡ ሽማግሎችና ሠርተው ለማደር ለማይችሉ ድኾች በየወሩ ገንዘብ የመስጠት ሙከራ ተደርጎ ነበር። መንገዱ በዚሁ አገር የተሞከረና የታወቀ ስለ ሆነ፤ ሥራው ከባዶ መጀመር አያስፈልገውም።

ስድስተኛው ቈጠራ ነው። የሕዝብ ቈጠራ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ሳይደረግ፤ ሊደረግ የታሰበውም በ2011 ዓ.ም. ተላለፈ። በመቀሌ ስንት ሕፃን፤ ስንት ጎልማሳ፤ ስንት ሽማግሌ እንዳለ በትክክል ሳይታወቅ ስንት ትምህርት ቤትና ስንት የሥራ ስፍራ እንደሚያስፈልግ ሊታወቅ አይችልም። እረኛ እንኳ ማታ በጎቹን ሳይቈጥር በሩን አይዘጋም። ሰላሙ በሚፈቅድበት ጊዜ ሁሉ፤ ይህ ሥራ ሳይውል ሳያድር ሊደረግ የሚገባው ነው።

በመጨረሻም ለአንባቢዎቻችን የምናሳስበው ይህን ነው። ሌሎች አገሮች ሽማግሌያቸውን የሚጦር ጎልማሳ በማጣታቸው ይጨነቃሉ፤ ባዶውንም በመኪናና በባዕድ ሠራተኛ ለመሙላት ይደክማሉ። እኛ ጎልማሳው አለን፤ ያጣነው ጎልማሳው የሚሠራበትን ስፍራ ነው። የእነርሱ ጉድለት የተፈጥሮ ስለ ሆነ ለመመለስ አስቸጋሪ ነው፤ የእኛ ጉድለት ግን የሰው ሥራ ስለ ሆነ በሰው ሥራ ይቃናል። ይህ የጥጋብ ዘመን ሳይከማች ካለፈ ግን ከ30 እና ከ40 ዓመት በኋላ የዛሬው ሥራ ፈት ወጣት ጧሪ የሌለው ሽማግሌ ይሆናል፤ ያን ጊዜም ድኽነትና እርጅና ባንድነት ይገጥሙናል። ዘርቶ መቃምን፤ ወልዶ መሳምን የተመኙልን አባቶች ሁለቱን በአንድ ምርቃት ማጣመራቸውን አንርሳ፤ የወለድነውን የሚዘራበት መሬትና የሚሠራበት ስፍራ ካልሰጠነው፤ ምርቃቱን ግማሹን ብቻ ተቀብለን መቅረታችን ነው። እግዚአብሔር ለአገራችን ሰላሙን፤ ለወጣቱ ሥራውን፤ ለሽማግሌውም ጧሪውን ይስጥ።